ኪራዩ ይቀድማል፣ ብድሩ ይከተላል

ለንደን ውስጥ ለወላጆችና ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ወጣቶች የተደረገ ዲስኩር



ስለ ትምህርት ክብር ልነግራችሁ አልመጣሁም። እሱንማ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱን ፈረቃ ሠርታችሁ፣ እንቅልፍ በዓይናችሁ ሳይዞር ልጅ ትምህርት ቤት ያደረሳችሁ ሰዎች ፊቴ ተቀምጣችኋል። እኔ የምናገረው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ስላሉት ሳምንታት ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ብድሩ ተፈቅዶለታል። ቤትም ተገኝቷል። አከራዩ ግን ገንዘቡን ዛሬ ይፈልጋል፣ ብድሩ ደግሞ ገና አልገባም። ብዙ ጎበዝ ልጆች የመጀመሪያውን ዓመት በዕዳና በጭንቀት የሚጀምሩት በእነዚህ ሳምንታት የተነሳ ነው። ይህ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ከብዙ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ውልና ደብዳቤ ያየሁ ሰው እንደመሆኔም፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስቀረት እንደሚቻል አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ወላጆችን ላናግር። አብዛኞቻችሁ ዩኒቨርሲቲን የምታውቁት በአገር ቤት ነው። እዚያ መንግሥት ይመድባል፤ ተማሪው አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል፤ ዶርም ይሰጠዋል፤ ካፌ ይበላል። የወጪ መጋራት ከመጣ ወዲህም ቢሆን ተማሪው ውል ይፈርማል እንጂ ዕዳው የሚጠየቀው ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ስትሉ ማደሪያው አብሮ የተሰጠ ይመስላችኋል፤ አልፈርድባችሁም። እዚህ ግን ማደሪያ ራሱን የቻለ ውል፣ ራሱን የቻለ ቀነ ገደብ፣ ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው ውሉን የሚፈርመው፣ በሕግ ፊትም ተከራይ የሚሆነው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ብድሩ። የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ስቱደንት ፋይናንስ ኢንግላንድ የሚሰጠው ብድር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትምህርት ክፍያ ነው፤ ይኼ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል፣ ተማሪው በእጁ አይነካውም። ሁለተኛው የመኖሪያ ብድር ነው፤ ይኼ ተማሪው ባንክ ይገባል። በ2025/26 የትምህርት ዘመን ከወላጅ ተለይቶ ለንደን ውስጥ ለሚኖር ተማሪ ከፍተኛው መጠን 13,762 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ ለሚኖር 10,544፣ ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር 8,877 ፓውንድ ነበር። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። በሦስት ይከፈላል፤ በየተርሙ መጀመሪያ ሲሶ ሲሶ ገደማ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚለቀቀው ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይደለም። ተማሪው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ መመዝገቡን ብድሩን ለሚከፍለው ለስቱደንት ሎንስ ካምፓኒ ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ትምህርቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ይጀመራል፣ ምዝገባው በዚያው ሰሞን ነው፣ አንድ ሰነድ ከጎደለ ደግሞ ኦክቶበር ይገባል። የኪራይ ውሉ ግን ሴፕቴምበር 1 ጀምሯል፤ እንዲያውም በብዙ የተማሪ ከተሞች የግል ቤት ውል የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው።

በእኛ ቤት ይኼ ወቅት ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ መስቀል 27። በሁለቱ መካከል ነው ልጁ ሻንጣውን የሚያስረው። የበዓል ወጪ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ የታናናሾቹ ዩኒፎርምና ጫማ፣ ሁሉም በአንድ ወር ይገጣጠማል። በዚህ መካከል ልጁ አምስት መቶ ፓውንድ ጎደለኝ ለማለት ያፍራል። ያፍርና ዝም ይላል።

ዛሬ ከሁሉ አስበልጬ የምላችሁ ይኼን ነው። ገንዘብ ማጣትና የገንዘብ መዘግየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ገንዘብ ያጣ ሰው ርካሽ ቤት ይፈልጋል፣ ሥራ ይጨምራል፣ ድጎማ ይጠይቃል። ገንዘብ የዘገየበት ሰው የሚያስፈልገው ቀን ነው። ቀን ደግሞ የሚገኘው በመነጋገር ነው፤ ያውም አስቀድሞ በመነጋገር። የመዘግየቱ ቀን በጁላይ ሊታወቅ የሚችል ነው፤ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ዘግይቶ የሚመጣን ገንዘብ እንደሌለ ገንዘብ ቆጥረው በወለድ የሚበደሩ ልጆች አይቻለሁ። ተፈቅዶላቸው በመንገድ ላይ ያለ ገንዘብ ነበራቸው፤ ያንን የሚያሳይ ደብዳቤም በስልካቸው ውስጥ ነበር፤ ለአከራዩ ግን አላሳዩትም።

ወደ ቤቶቹ እንምጣ። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ማደሪያ (ሆል) ብዙውን ጊዜ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ኪራዩን በሦስት ከፍሎ የመጀመሪያውን ክፍያ ብድሩ ከገባ በኋላ በኦክቶበር የሚጠይቅ ብዙ ነው። ውሉ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ፣ ከገጠመ አትጨነቁ። የግል ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸው የተማሪ ሕንጻዎች ግን ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት የመጀመሪያውን ክፍያ የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። ከፈረማችሁ በኋላ ከምትከራከሩ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ጣጣው የሚበዛው የግል ቤት ላይ ነው። ለምሳሌ ሊድስ ውስጥ በወር 650 ፓውንድ የሆነ ክፍል አገኛችሁ እንበል። ይኼ በሳምንት ሲሰላ 150 ነው። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተከራይ ክፍያዎች ሕግ፣ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት የሚጠየቀው ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ስለዚህ ዲፖዚቱ ቢበዛ 750 ነው። ቤቱን ለማስያዝ የሚከፈለው ደግሞ ከአንድ ሳምንት ኪራይ፣ ማለትም ከ150 አይበልጥም፤ ውሉ ሲፈረም ይታሰብላችኋል ወይም ይመለስላችኋል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ 650። እንግዲህ አንድም ብድር ሳይገባ 1,400 ፓውንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። «የሰነድ»፣ «የማጣሪያ»፣ «የአስተዳደር» እየተባለ ተጨማሪ ቢጠየቅ ሕጉ ከልክሎታል፤ አትክፈሉ። ዲፖዚቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ መንግሥት ከፈቀዳቸው ሦስት የዲፖዚት መጠበቂያ ድርጅቶች በአንዱ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ፍርድ ቤት አከራዩን ከዲፖዚቱ አንድ እጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ነገር ይመጣል። የአዲሱ ቤት ዲፖዚት የሚጠየቀው የአሮጌው ሳይመለስ ነው። 750 እዚያ ታስሮ ሳለ ሌላ 750 እዚህ። ይህን ስሌት ለልጆቻችን ቤት ከማስያዛቸው በፊት ልንነግራቸው ይገባል።

ስለ ዋስ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆች የምትፈርሙት እናንተ ስለሆናችሁ። አከራዩ ብዙውን ጊዜ በዩናይትድ ኪንግደም የሚኖር፣ በቂ ገቢ ያለው ዋስ ይፈልጋል። ብዙ እናቶች ሲጠየቁ ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ለልጅ ነው፣ ምን ይነበባል ይላሉ። አምስት ልጆች አንድ ቤት በአንድ ውል ሲከራዩ ግን ብዙውን ጊዜ ኃላፊነቱ የጋራና የተናጠል ነው። ትርጉሙ፣ አራቱ ሳይከፍሉ ቢቀሩ አከራዩ ሙሉውን ከአንዱ መጠየቅ ይችላል። የዋስትናው ሰነድ ካልገደበው በቀር እናንተም የማታውቁትን የሰው ልጅ ኪራይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዋስ ስትሆኑ «ዋስትናዬ ለልጄ ድርሻ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ይግባ በሉ፤ የገንዘቡ ጣሪያም ይጻፍ። ብዙ አከራዮች ሲጠየቁ ይቀበላሉ። ይህን መጠየቅ ልጅን አለማመን አይደለም፤ ታናናሾቹን የምታሳድጉበትን ቤት መጠበቅ ነው።

ገቢያችሁ አነስተኛ ስለሆነ ዋስነታችሁ ውድቅ ሲደረግስ? በእንክብካቤ ሥራ፣ በጽዳት፣ በሾፌርነት ለምትሠሩ ይኼ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቀድሞ መልሱ «እንግዲያው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ነበር፤ ከየት ይመጣል? በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በግል ቤት አከራይ ከአንድ ወር በላይ የቅድሚያ ኪራይ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ይህን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ፤ ለጎረቤታችሁም ንገሩ። የግል የተማሪ ሕንጻዎች ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እዚያ የምትፈርሙ ልጆች ውሉን ለተማሪዎች ማኅበሩ የምክር ክፍል አሳዩ። አገልግሎቱ ነፃ ነው።

አሁን ቀን የሚገኘው እንዴት ነው? በደብዳቤ። ወጣቶች፣ እዚህ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። በስልክ የተባለ ነገር ለሁለቱም ወገን ይጠፋል፤ በኢሜይል ጻፉ። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑር። ብድሩ መፈቀዱን፣ የመጀመሪያው ክፍያ ስንት እንደሆነና በስንት ቀን እንደሚጠበቅ የሚያሳየውን የስቱደንት ፋይናንስ ደብዳቤ አያይዙ። ቀጥሎ ዛሬ መክፈል የምትችሉትን በቁጥር ጻፉ፤ «የተወሰነ» አትበሉ፣ 200 ከሆነ 200 በሉ። በመጨረሻም የቀረውን የምትከፍሉበትን ቀን ጻፉ፤ ከብድሩ ቀን ሰባት ወይም አሥር ቀን ጨምሩበት፣ ምዝገባው ሊጓተት ይችላልና። ሴፕቴምበር 25 የሚጠበቅ ከሆነ ኦክቶበር 5 በሉ። የገቡትን ቃል ማክበር የሚቻለው ቃሉ መተንፈሻ ሲኖረው ነው። መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከኪራዩ ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሲደርሰው እሺ የሚል አከራይ ብዙ ነው፤ ቤቱን ባዶ ከማድረግ ይመርጠዋል። ከቀኑ በኋላ ሲደርሰው ግን ያው ደብዳቤ ሰበብ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው በቃላቱ ሳይሆን በደረሰበት ቀን ነው።

አከራዩ እንቢ ቢልስ? ያም ቢሆን ሕጉ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። በእንግሊዝ አከራይ የዘገየ ኪራይ ላይ ወለድ ማስከፈል የሚችለው ክፍያው 14 ቀን ካለፈው ነው፤ ወለዱም ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ በላይ ከሦስት በመቶ ሊበልጥ አይችልም። በ650 ፓውንድ ላይ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ሲሰላ ጥቂት ፓውንድ ነው። «በየቀኑ ሃያ ፓውንድ ቅጣት» የሚል መልእክት ከመጣላችሁ ሕገወጥ ነው። ይህን የምለው ኪራይ አዘግዩ ለማለት አይደለም፤ የዘገየ ኪራይ የዘገየ ዕዳ ነው፣ ለሚቀጥለው ቤት ማጣቀሻችሁንም ያበላሻል። የምለው በፍርሃት ተነሥታችሁ የባሰ ነገር እንዳታደርጉ ነው።

የባሰውም ነገር ደመወዝ እስኪመጣ ድረስ ተብሎ የሚሸጠው የአጭር ጊዜ ብድር ነው። ከ2015 ጀምሮ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወለዱና ክፍያው በቀን ከ0.8 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖበታል፤ ተወስኖም እንኳ 300 ፓውንድ ለሠላሳ ቀን ቢበደሩ 72 ፓውንድ ይጨመርበታል። ይኼ ለአንድ ተማሪ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው። የተማሪ ብድሩ ሊገባ ሦስት ሳምንት የቀረውን ልጅ ይህን ማስከፈል በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት የሚንኳኩ በሮች አሉ።

አንዱ የተማሪ ባንክ አካውንት ነው፤ ያለ ወለድ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ካላችሁ ገንዘብ በላይ የማውጣት ፈቃድ፣ ይሰጣል። መጠኑ እንደ ባንኩና እንደ ተማሪው ይለያያል፣ ስለዚህ ባንኩ የሚያቀርበውን ስጦታ አይታችሁ ሳይሆን የኦቨርድራፍቱን መጠን አይታችሁ ምረጡ፤ ኦገስት ውስጥ ክፈቱት። ሌላው የዩኒቨርሲቲው የችግር ጊዜ ድጋፍ ፈንድ ነው። ብድራቸው ለዘገየባቸው ተማሪዎች ብቻ ተብሎ የአጭር ጊዜ ብድር ያለ ወለድ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ለብድሩ ማመልከታችሁን እንድታሳዩ ይጠይቃሉ። ልጆቻችን ይህን «የድሆች ነው» ብለው አያመለክቱም። ፈንዱ የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ማመልከት መብት ነው።

በስደት መጥታችሁ ዕውቅና ያገኛችሁ ወጣቶች፣ የእናንተ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። የስደተኛነት ዕውቅና ያለው ሰው ለተማሪ ብድር እንደ ሌሎቹ አስቀድሞ ሦስት ዓመት መኖርን አይጠየቅም። ከዚያ ሌላ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ያለ ወለድ የሆነ የመቋቋሚያ ብድር አለ፤ ለቤት ዲፖዚትም ይውላል። የጥገኝነት ጥያቄያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ግን ለተማሪ ብድር ብቁ አይደላችሁም፤ በዚህ ላይ ተስፋ አድርጋችሁ ቤት እንዳትፈርሙ በግልጽ እነግራችኋለሁ። ስለ ስኮላርሺፕ ከስብሰባው በኋላ ለየብቻ እንነጋገር።

በእምነታቸው ምክንያት ወለድ ያለበትን ብድር የማይወስዱ ሙስሊም ልጆችም መካከላችን አሉ። መንግሥት ወለድ የሌለበት አማራጭ ለማምጣት ሥልጣን የሚሰጠውን ሕግ በ2017 አውጥቶ ቃሉ ለዓመታት ሲጓተት መቆየቱ ትልቅ በደል ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ብድር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉ ሸክሙ የቤተሰብ ነው።

ለእነሱም ለሁላችንም በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ፤ ዕቁብ። እዚህ ከተማ ከእኛ መካከል ዕቁብ የሚጥል ቤት ብዙ ነው። አሥር ሰው በወር 150 ፓውንድ ቢጥል ዕጣው 1,500 ነው፤ ቅድም የቆጠርነውን 1,400 ይሸፍናል፣ ለባቡሩም ይተርፋል። ልጃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነ ዕቁቡ ሲጀመር ለሰብሳቢው ንገሩት፤ «የኦገስት ዕጣ ለልጄ ቤት ይሁንልኝ» በሉ። አባላቱ ከተስማሙ ዕጣ መለዋወጥ በዕቁባችን ያለ ነገር ነው። ለሠርግና ለመኪና እንደምንለማመነው ለተማሪ ቤትም እንለማመን። ልጁም ብድሩ ሲገባ ከወርኃዊው መዋጮ የድርሻውን ይክፈል፤ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ የዕቁብን ሥነ ሥርዓት ይማራል።

ወላጆች፣ በእናንተ እጅ ያለ ሌላም አለ፤ የገቢ ማስረጃ። የብድሩ መጠን የሚወሰነው በቤተሰብ ገቢ ነው። ማስረጃውን ካልላካችሁ ወይም ካዘገያችሁ ልጁ የሚያገኘው ዝቅተኛውን ብቻ ነው፤ በ2025/26 ለንደን ውስጥ ተለይቶ ለሚኖር ያ 6,853 ፓውንድ ነበር። ከሙሉው ግማሽ ገደማ ማለት ነው። የሚታየው ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የነበረው የግብር ዘመን ገቢያችሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከቀነሰባችሁ፣ ሰዓት ከተቀነሰባችሁ፣ ገቢያችሁ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ከወረደ በያዝነው ዓመት ገቢ ይታይልን ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ቅጹ ያሰለቻል። ልጁ ብቻውን አይሙላው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ።

ሁሉን በተማሪውና በወላጅ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ሙሉ ብድር የሚያሰጠው የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ 25,000 ፓውንድ ነው፤ ይኼ ከ2008 ጀምሮ አልተነካም። ደመወዝም የዳቦ ዋጋም ጨምሯል፣ ጣሪያው እዚያው ነው፤ በዚህ የተነሳ በየዓመቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች «አላችሁ» እየተባሉ ይቀነስባቸዋል። ስኮትላንድ ብድሩን በየወሩ ይከፍላል፤ እንግሊዝ ለምን በሦስት ጊዜ ብቻ? የመጀመሪያውን ክፍያ ጥቂቱን እንኳ ከምዝገባ ሁለት ሳምንት በፊት መልቀቅ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቦታውን ያረጋገጠ ተማሪ የታወቀ ተማሪ ነው። የፓርላማ ተወካያችሁ በየአካባቢያችሁ ሕዝብ የሚያነጋግርበት ቀን አለው። ሂዱና ይህንኑ ጠይቁት፤ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ በጋው። ሦስተኛው ክፍያ የሚገባው ኤፕሪል አካባቢ ነው፤ ቀጣዩ የሚመጣው በሴፕቴምበር መጨረሻ። መካከሉ አምስት ወር ነው። የማደሪያ ውሉ አሥራ ሁለት ወር ከሆነ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት የሚከፈሉት ከኤፕሪሉ ገንዘብ ወይም ከበጋ ሥራ ነው። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ከወርኃዊው ኪራይ አስቀድማችሁ የወሩን ብዛት ተመልከቱ። በወር 600 ሆኖ አሥራ ሁለት ወር የሚከፈልበት ቤት በዓመት 7,200 ነው፤ በወር 680 ሆኖ አሥር ወር የሚከፈልበት 6,800 ነው። ውድ የሚመስለው ይረክሳል፣ በበጋውም ያሳርፋችኋል። ጁላይና ኦገስት ቤቱ ውስጥ ካልኖራችሁ በግማሽ ኪራይ ይሁንልን ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚቀበሉ አከራዮች አሉ።

ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በቀኝ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ኑ። የዋስትናውን ገጽና የመጀመሪያውን ክፍያ ቀን አብረን እናያለን፤ ደብዳቤ መጻፍ ያለባችሁም ዛሬ እዚሁ ጽፋችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ላኩት።